ካርቦን ዶት በማሽን ለርኒንግ ለምትሠሩ፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በካርቦን ዶት ላይ ነበር። ካርቦን ዶት ከ10 ናኖሜትር በታች የሆነ የካርቦን ቅንጣት ነው። ውሃ ውስጥ በትናችሁ አልትራቫዮሌት መብራት ስታበሩበት እሱም በተራው ያበራል። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሲሳካ ደግሞ ቀይ። የኔ ሥራ የትኛው ኬሚካል በስንት ዲግሪ ለስንት ሰዓት ቢቀቀል የበለጠ እንደሚያበራ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ ተምሮ የሚገምትበት ዘዴ) ቀድሞ እንዲነግረኝ ማድረግ ነበር። ፕሮፖዛሉ ላይ ሲነበብ ያምራል። መሃል ላይ ግን ሁሉንም ጥዬ መንዝ ወደ ቤተሰቦቼ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። አሁን አልፏል፣ ዲፌንሱም አልቋል። ዘንድሮ ተመሳሳይ ርዕስ የያዙ ልጆች እየመጡ ይጠይቁኛል። ለሁሉም የምነግራቸው ያው አንድ ነገር ስለሆነ ልጻፈው አልኩ።

ርዕሱን የመረጥኩት አቅማችንን ስለሚመጥን ነው። ካርቦን ዶት የተገኘው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004፣ አሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ካርቦን ናኖቲዩብ ሲያጣሩ በአጋጣሚ ነው። በ2023 ለባዌንዲ፣ ለብሩስና ለኤኪሞቭ የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኙት ታዋቂዎቹ ኳንተም ዶቶች (እነሱም የሚያበሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው) ብዙዎቹ ካድሚየም አለባቸው። ካድሚየም መርዝ ነው። ካርቦን ዶት ግን ከሲትሪክ አሲድ ይሠራል። ሲትሪክ አሲድና ኤትሊንዳያሚን ውሃ ውስጥ ታሟሟላችሁ፣ አውቶክሌቭ (ግፊት የሚችል ጥብቅ ዕቃ) ውስጥ ታሽጋላችሁ፣ 200 ዲግሪ አካባቢ ለ5 ሰዓት ታቆዩታላችሁ። በ2013 የወጣው ይህ አሠራር ኳንተም ይልዱን ወደ 80 በመቶ አድርሶታል። ማለትም ከዋጣቸው 100 የብርሃን ቅንጣቶች 80 ያህሉን መልሶ ይሰጣል። የሚያስፈልገው ኦቨን፣ አውቶክሌቭና ሚዛን ነው። እሱ እኛም ጋ አለ።

ማሽን ለርኒንጉ የገባው ምርጫው ስለሚበዛ ነው። ኬሚካሉ፣ መጠኑ፣ ማሟሚያው፣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱ ሁሉ ይለዋወጣል። ሁሉን ልሞክር ቢባል ዕድሜ አይበቃም። በ2024 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ያወጡ ተመራማሪዎች፣ ሞዴል (ከዳታ የተማረ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እየመራቸው፣ በ63 ሙከራ ብቻ ሁሉንም ቀለም አግኝተዋል። የእያንዳንዱም ቀለም ኳንተም ይልድ ከ60 በመቶ በላይ ነው። እሱን ሳነብ ነው ልቤ የሸፈተው። ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ነበር። እነሱ የተመሩት ራሳቸው ቀቅለው ራሳቸው በለኩት ዳታ ነው።

እኔ ደግሞ ዳታዬን የሰበሰብኩት ከታተሙ ጥናቶች ነው። ሁሉንም ኤክሴል ላይ ደረደርኩ፣ ራንደም ፎረስት የሚባል ሞዴል አሠለጠንኩ። ለመፈተኛ ባስቀረሁት ዳታ ላይ አር ስኩዌሩ (1 ከሆነ ግምቱ ፍጹም ነው ማለት ነው) ከ0.9 በላይ ወጣ። አማካሪዬ ደስ አለው። እኔ ለጓደኞቼ መጋበዝ ብቻ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ሞዴሉ “ይሄ በጣም ያበራል” ያለውን ቀቀልኩ። የወጣው ቡናማ ውሃ ነው። መብራት ሲበራበት ድንግዝግዝ ያለ ሰማያዊ። ቀጥሎ ያለውም ያው። ሦስተኛው ከሁለቱም ባሰ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ የታተመ ጥናት ብቻውን አሥር አሥራ አምስት መስመር ዳታ ይሰጣል። ኬሚካሉ አንድ ነው፤ ሙቀቱ ብቻ 160፣ 180፣ 200 እያለ ይቀያየራል። ዳታውን ዝም ብላችሁ በዘፈቀደ ስትከፍሉት የዚያው ጥናት 180 ማሠልጠኛ ውስጥ፣ 200ው መፈተኛ ውስጥ ይገባል። ሞዴሉ ኬሚስትሪ መማሩ ቀርቶ የትኛው መስመር የማን ዘመድ እንደሆነ ይለያል። ስለዚህ አንድን ጥናት ሙሉ በሙሉ ወይ እዚህ ወይ እዚያ አድርጉት፤ አትሰንጥቁት። ሳይኪት ለርን በሚባለው የማሽን ለርኒንግ ኮድ ስብስብ ላይ ግሩፕ ኬ ፎልድ የሚባለው ይህንኑ ይሠራል። ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ነው። እኔ በዚህ ስፈትነው ያ የተኩራራሁበት 0.9 ሟሟ። ሞዴሌ ዝም ብሎ አማካዩን ከመገመት እምብዛም አይሻልም ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢሆንም ሥራው በትክክል የተጀመረው ያኔ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ከታተመ ጥናት ዳታ ስትሰበስቡ ሌሎች ሁለት ጣጣዎች አሉ። አንደኛ፣ የከሸፈ ሙከራ ማንም አያሳትምም። ሞዴላችሁ ያየው የተሳካውን ብቻ ከሆነ ሁሉም ነገር የሚሳካ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ዋና ዋናው ነገር አይጻፍም። አውቶክሌቩ ምን ያህል ሞልቶ ነበር? በራሱ ነው የቀዘቀዘው? በምን ተጣራ? ኳንተም ይልዱስ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው የተለካው? እነዚህ ሳይታወቁ የተጻፈን ቁጥር ከሌላው ጋር በአንድ ዓምድ መደርደር ለሞዴሉ ሐሜት ማስጠናት ነው።

እኛ አገር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። ውሃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የባቄላ ንፍሮ የቀቀለ ሁሉ ይህን ያውቃል። በታሸገ አውቶክሌቭ ለሚሠራ ለውጥ የለውም፤ እዚያ ውስጥ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ እያፈሉ ለሚሠራ አሠራር ግን ለውጡ ብዙ ነው። ጥናቱ “በፈላ ውሃ” ካለ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ላብ 100 ዲግሪ ነው፤ ለኛ 90። እኔ ኤክሴሌ ላይ ሁሉንም 100 ብዬ ሞልቼው ነበር። ቴርሞሜትር አስገብቼ ባየሁ ጊዜ ነው የነቃሁት። የኦቨን ስክሪንም እንዳትሸወዱበት። የኛው 200 ሲል ውስጡ ሌላ ነው፤ ከበሩ ጋርና ከጀርባ ግድግዳው ጋር ራሱ ይለያያል። አንድ ቦታ ምረጡና ሁልጊዜ እዚያው አስቀምጡ። ዳታው ላይም ቴርሞሜትሩ ያሳየውን ጻፉ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። የታተመውን ዳታ ትቼ የራሴን ዳታ መሥራት ጀምሬ ነበር። ሲትሪክ አሲድና ኤትሊንዳያሚን እየቀያየርኩ እቀቅላለሁ፣ አቀጥናለሁ፣ እለካለሁ። ውጤቱ ደህና ነበር። አንድ ቀን አንዱን ናሙና ዲያሊሲስ አስገባሁት። ዲያሊሲስ ማለት ናሙናውን ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ከረጢት አስሮ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ትንንሽ ሞለኪውሎች ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ ቅንጣቶቹ ውስጥ ይቀራሉ። የኔ ከረጢት 1,000 ዳልተን (ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሚባለው ነበር። ጠዋት ስመጣ የላቡ ቴክኒሻን ቀድሞኝ ገብቷል። መብራቱን አጥፍቶ የአልትራቫዮሌት ባትሪውን ቢከሩ ላይ አብርቷል።

“ነይ እስቲ እዪው” አለኝ።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደብዝዟል። ውጭ ያለው፣ ልደፋው የነበረው ውሃ፣ እንደ ጉድ ሰማያዊ ያበራል።

“ልጄ፣ የምትፈልጊው እኮ ውጭ ነው ያለው።”

“ጋሼ፣ እሱ የሚደፋው ነው።”

“እና ስትለኪ የከረምሽው የቱን ነው?”

መልስ አልነበረኝም። ሲትሪክ አሲድና ኤትሊንዳያሚን አብረው ሲሞቁ ከቅንጣቱ ጎን አንድ ትንሽ ሞለኪውል ይፈጠራል። ኢሚዳዞፒሪዲን ከሚባለው ወገን ነው፣ እጅግ ደማቅ ሰማያዊ ያበራል። ስለሱ የተጻፉ ጥናቶች ከ2015 ጀምሮ አሉ። እኔ ርዕሳቸውን አይቼ አልፌያቸው ነበር። ያልተጣራ ናሙና እየለካሁ ለሞዴሉ ስመግበው ሞዴሉ ሲማር የነበረው ያንን ሞለኪውል እንዴት እንደሚያበዛ ነው። በዚያ ደግሞ ጎበዝ ነበር! ምንም አላጠፋም፤ የሰጠሁትን ነው የተማረው።

ስለዚህ ምክሬ፦ የመጀመሪያውን ናሙና ከመለካታችሁ በፊት የማጣሪያ ሥርዓታችሁን ወስኑና እስከ መጨረሻው አትንኩት። ሴንትሪፉጅ፣ ከዚያ 0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር፣ ከዚያ ዲያሊሲስ፣ ውሃው በየስንት ሰዓቱ እንደሚቀየር ጭምር። የውጭውን ውሃም አትድፉት፤ ለኩትና ለብቻው መዝግቡት። የውስጡና የውጭው ንጽጽር ራሱ አንድ ዓምድ ይሆናል። በኋላ ላይ ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ዓምድ እሱ ነው።

ባትሪ ካነሳን አይቀር፣ ሱቅ የሚሸጡት የሐሰተኛ ብር መለያ መብራቶች ብዙዎቹ 395 ናኖሜትር ናቸው። ራሳቸው ሐምራዊ ስለሚያበሩ ዓይናችሁን ያታልላሉ። 365 የሚለውን ፈልጉ። ዓይን ላይ እንዳታበሩት፣ መነጽርም አድርጉ።

የፍሎረሰንስ መለኪያው ከኛ ጋ አልሠራ ሲል ናሙና ይዤ አዲስ አበባ እወርድ ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብልቃጦቹን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ሚኒባሱ በሸኖ በሰንዳፋ ሲንገጫገጭ ስሳቀቅ። እዚያ ደርሶ መለኪያው ፊት ቆሞ መደናገር ከሁሉ ያናድዳል። ኳንተም ይልድን፣ የራሱ ይልድ ከሚታወቀው ከኩዊኒን ሰልፌት ጋር አነጻጽራችሁ የምትለኩ ከሆነ፣ እሱ በ0.1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ 54 በመቶ ተብሎ ይያዛል። የናሙናችሁ አብዞርባንስ (ብርሃን የመዋጥ መጠኑ) ከ0.1 በታች እስኪሆን አቅጥኑት። ወፍራም ናሙና የራሱን ብርሃን ራሱ ይውጠዋል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። የኔ የመጀመሪያ ዙር ልኬት ግማሹ የተበላሸው በዚህ ነው። ሌላም ልጨምር። 350 ናኖሜትር ላይ አብርታችሁ 397 አካባቢ ትንሽ ጉብታ ካያችሁ እልል አትበሉ። የውሃው የራማን ብተና ነው፤ ውሃው ራሱ ብርሃኑን ሲበትነው የሚመጣ። ባዶ ውሃ ለክታችሁ ቀንሱት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ሞዴል የተመለስኩት። በእጄ ያለው ዳታ ጥቂት ስለነበረ ራንደም ፎረስቱን ትቼ ጋውሲያን ፕሮሰስ ያዝኩ። ይህኛው ግምቱን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም ይነግራል። “እዚህ ጋ አላውቅም” ማለት የሚችል ሞዴል ጥቂት ዳታ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ሙቀቱን፣ ሰዓቱን፣ የኬሚካሎቹን ጥምርታና የውሃውን መጠን በስፋት በታትኜ ቀቀልኩ። ከዚያ ቀጣዩን ሞዴሉ ይመርጣል፤ ወይ በጣም ይሳካል ብሎ የሚያስበውን፣ ወይ ምንም የማያውቅበትን። እቀቅላለሁ፣ አጣራለሁ፣ እለካለሁ፣ መልሼ እመግበዋለሁ። ቤይዚያን ኦፕቲማይዜሽን የሚሉት ይህ ነው።

አከራዬ አረቄ ታወጣለች። አንድ ማታ ላፕቶፔ ላይ ተደፍቼ አይታኝ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። እንደምንም አስረዳኋት። “ታዲያ ይሄ ኮምፒውተር ይፈልጋል እንዴ? ድፍድፉ የተበላሸ ቀን ምን እንዳደረግሽ አትረሺ፣ በቃ” አለች። ሳቅኩ። ግን ደብተሯ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፤ የትኛው ጌሾ፣ የማን ብቅል፣ ብርድ የበረታበት ሳምንት ምን እንደሆነ ሁሉ ትነግራችኋለች። የኔ ኤክሴል ያኔ የከሸፉትን ቀይ ቀለም ቀብቶ ወደ ሌላ ገጽ የሚያባርር ነበር። መልሼ አስገባኋቸው። ያላበራ ናሙና ኳንተም ይልዱ ዜሮ የሚጠጋ ዳታ ነው፤ ሞዴሉ ከሱ ብዙ ይማራል።

መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል እንጂ። ኦቨኑ 3ኛው ሰዓት ላይ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ጥዬው እንደገና እጀምር ነበር። ኬሚካል አለቀብኝ። በኋላ ርካሽ የሙቀት መመዝገቢያ ከኦቨኑ ውስጥ አደረግኩና “5 ሰዓት” ከማለት ይልቅ ከ180 ዲግሪ በላይ የቆየበትን ደቂቃ መመዝገብ ጀመርኩ። የተቋረጠው ሙከራ አጭር ሙከራ ሆኖ አገለገለ። ይህን ያደረግኩት ጨንቆኝ ነው፤ አሁን መብራት የማይጠፋበት ላብ ብገባም የምሠራው በዚሁ ነው።

አሁን የምናገረውን በደንብ ስሙኝ። ሞዴል ፍንዳታ አያውቅም። አንድ ጊዜ የኔው ሞዴል “ኤታኖል በ220 ዲግሪ” የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ180 ዲግሪ የውሃ ግፊት 10 ባር ገደማ ነው፤ የኤታኖል ግን እጥፍ ገደማ። 220 ላይ ከዚያም በጣም ይብሳል። 220 ደግሞ አውቶክሌቩ ውስጥ ያለው የቴፍሎን ሽፋን ራሱ የሚለሰልስበት ድንበር ነው። ስለዚህ ሞዴሉ መፈለግ የሚችልበትን ክልል ቀድማችሁ እናንተ አጥሩለት። አውቶክሌቩን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙሉት። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱት፤ ቸኩላችሁም ውሃ አታፍስሱበት። ዩሪያ ሲሞቅ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ግፊቱ ከምታስቡት በላይ ይወጣል፤ መጠኑን ቀንሱ። ናይትሪክ አሲድን ከኤታኖል ወይም ከሌላ ኦርጋኒክ ነገር ጋር አሽጎ ማሞቅ ጨርሶ አይታሰብም።

ዩሪያ ስል ትዝ አለኝ። አባቴ ለኬሚካል ምን ያህል እንዳወጣሁ ሲሰማ “የኛ ማዳበሪያ አይሆንሽም?” አለኝ። ናይትሮጅኑ 46 በመቶ ነው፣ ሊሠራም ይችላል። ግን ባዩሬትና ሌላ ቆሻሻ አለበት፣ ከከረጢት ከረጢትም ይለያያል። ይህ ነገር ለሎሚ ጭማቂም፣ ለአረቄ አተላም ይሠራል። ከሸዋ ሮቢት የመጣ ሎሚ ቀቅላችሁ የሚያበራ ነገር ታገኛላችሁ፤ ለፎቶም ያምራል። በሚቀጥለው ወር የምትገዙት ሎሚ ግን ሌላ ሎሚ ነው። ሞዴል ያልተመዘገበ ልዩነት አይማርም። ማሽን ለርኒንግ የምትሠሩ ከሆነ በንጹሕ ኬሚካል ጀምሩ። የአገር ውስጡን ነገር፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ሞዴሉ ከቆመ በኋላ አምጡት።

የሻፕ ግራፍም አለ። የትኛው ነገር ውጤቱን እንደወሰነ በቀለም የሚያሳየው። ዲፌንስ ላይ ያምራል። በጥቂት ዳታ ግን የሚነግራችሁ ሞዴሉ ምን እንዳሰበ እንጂ ኬሚስትሪው ምን እንደሆነ አይደለም። የኔው “ሰዓት ምንም ለውጥ የለውም” ብሎኝ ነበር። ሰዓቱን እምብዛም ስላልቀያየርኩት ነው።

በመጨረሻ ምን አገኘሁ? ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ሰማያዊ ከጀመርኩበት ከእጥፍ በላይ አበራ። አረንጓዴም መጣ፣ መጠነኛ ቢሆንም። ቀዩ አልመጣም። ለቀይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ፓራ ፌኒሊንዳያሚን ነው፣ ያው የፀጉር ቀለም ውስጥ ያለው። ቆዳን ያስቆጣል፣ ከተዋጠ ይገድላል። ማሟሚያው ደግሞ ኤታኖል ነው። የኛ የጭስ መሳቢያ ያኔ ስለማይሠራ አልነካሁትም። አማካሪዬ “ቀይ ሳይኖረው ማን ይቀበለዋል?” ብሎ ሰግቶ ነበር። ፈታኞቹ የጠየቁኝ ስለ ዲያሊሲሱ ውጭ ውሃና ስለ ግሩፕ ኬ ፎልዱ ነው።

ለልኬት ወደ አዲስ አበባ የምትወርዱ ከሆነ ኩዊኒን ሰልፌቱን ከዚሁ አዘጋጅታችሁ ሂዱ፤ እዚያ ያለው መቼ እንደተበጠበጠ አይታወቅም። ብልቃጦቹን በፎይል ጠቅልሉ። በየብልቃጡ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ፤ ማርከር ኤታኖል ሲነካው ይጠፋል። ናሙናውን ግማሹን ቤት አስቀሩ። ሲመለሱ አንድ ብልቃጥ ሁልጊዜ ይሰበራል።